ሁለት ጣዎስ፣ ሦስት ሽማግሌ

መስታወትን የፈለሰፈው ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ምሥጢር የለውም፣ ወይ ሚስት የለውም! ሁለቱም ያለው ሰው በጤናው እንዲህ ዓይነት ነገር አይፈለስፍም። እስቲ አስቡት… ሰው ከሰው ተከልሎ እንዲኖር የተሠራን ደህና ግድግዳ አፍርሶ፣ በቦታው ብርሃን የሚያስገባ ግድግዳ ማቆም ምን የሚሉት ሥልጣኔ ነው? «የእኛ እንኳን አያሳይም፣ ድብዝዝ ያለው ዓይነት ነው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እንደ እናንተ ነበርኩ። «አያሳይም» ብዬ በሰው ፊት የምምል ሰው ነበርኩ። ዛሬ ግን ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ትከሻዬን አይተው ፈገግ ይላሉ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ አስካለና ልጃችን ሕሊና። ኮንዶሚኒየም ማለት ጎረቤት ሲያስነጥስ ከአልጋችሁ ሳትነሡ «ይማርህ» የምትሉበት፣ እሱም ከወዲያ ማዶ «ያኑርህ» ብሎ የሚመልስላችሁ ቤት ነው። ሳሎናችንን ከመኝታ ቤታችን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነበር። ግድግዳው ምንም አላደረገንም፤ ዝም ብሎ ቆሞ ይኖር ነበር። ጥፋቱ አስካለ ለቅሶ ደርሳ መምጣቷ ነው።

ሰው ለቅሶ ቤት ሄዶ የሚያየው ምንድን ነው? ሐዘንተኛ! የእኔዋ ግን ሐዘንተኛዋን አቅፋ እያለቀሰች፣ በትከሻዋ ላይ አሻግራ ያየችው መስታወት ነው። ሳሎኑን ከመመገቢያው ክፍል የሚለይ፣ አበባ የተቀረጸበት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ መስታወት። «እግዜር ያጽናሽ እህቴ…» ብላ፣ እንባዋን ጠርጋ፣ «…ይሄን የሠራልሽ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች አሉ። አሉ ነው የምላችሁ፤ እሷ «አላልኩም» ትላለች። የባለሙያውን ስልክ ይዛ መምጣቷን ግን አትክድም።

«ቤታችን ጨለማ ነው» አለችኝ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ።

«አምፖል እንቀይራ።»

«አምፖሉ ምን አደረገ? ግድግዳው ነው የሚያጨልመው! ሽማግሌ በዚህ ግድግዳ ፊት ሊቀመጥ ነው?»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ እዚህ ላይ ስለ ሽማግሌው ልንገራችሁ። ልጃችን ሕሊና ናሆም የሚባል ልጅ ወዳለች፤ እሱም ወዷታል፤ በመጪው እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ሊልክ ነው ስላችሁ ግን ነገሩ ገና የሚጠየቅ እንዳይመስላችሁ። የሠርጉ አዳራሽ ከተያዘ ሰንብቷል። ቬሎው ተለክቷል። የዲኮሩ ቀለም ምን ይሁን በሚለው ላይ ሁለቱ ተጣልተው ታርቀዋል። ታዲያ ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ምን ሊሉ ነው? «ልጅዎን ለልጃችን ይሰጡናል ወይ?» ሊሉ! እኔስ የምመልሰው ምንድን ነው? «ኧረ ድንገተኛ ነገር ነው!» ነው። ይህ ውሸት አይደለም፤ ወግ ነው። አገር የቆመው በዚህ ነው።

እውነቱን ለእናንተ ልናገርና፣ ናሆምን እወደዋለሁ። ቴሌቪዥናችን ሲበላሽ የሚጠራ፣ ሲሠራ ደግሞ አብሮኝ ኳስ የሚያይ፣ ቡድኔ ሲሸነፍ ከእኔ ብሶ የሚያዝን ልጅ ነው። የእሱ ቡድን ሌላ መሆኑን የነገረችኝ ሕሊና ናት፤ እሱ ለእኔ ሲል ነው የሚያዝነው። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት አማች ይምጣ? ግን ልቤ ውስጥ ገባ ተብሎ በመጀመሪያው ቀን «ውሰዳት» ይባላል እንዴ? አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አስካለን በጠየቅኩ ጊዜ ሽማግሌዎቼን «ዛሬ ነገ» እያሉ ሲያመላልሷቸው ጫማቸው አልቆ ነበር። ከእነሱ አንዱ የጉልበቱን ሕመም እስከ ዛሬ በእኔ ያሳብባል። ያን ጊዜ ነው በልቤ የተሳልኩት፤ ጌታዬ፣ ሴት ልጅ ከሰጠኸኝ እኔም አመላልሳለሁ!

ሕሊና ይህን ታውቃለች። አንድ ቀን ከሥራ መልስ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ እንዳታበዛው።»

«ምኑን?»

«ምኑን እንደሆነ ታውቃለህ። የሚመጡት ጋሽ ደምሴ ናቸው። አባቱ ከሞተ በኋላ ናሆምን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በጣም ኩሩ ሰው ናቸው፤ አንዴ መልሰሃቸው ከወጡ ሁለተኛ ይሄን ደጅ አይረግጡም። ናሆም ደግሞ ያለ እሳቸው ምርቃት አንድ እርምጃ አይራመድም። እኔም አልፈርድበትም።»

«እና ልጄን እንደ ጎመን በመጀመሪያው ጥያቄ ላስረክብ?»

«አባዬ!»

«ትንሽ ይለምኑ እንጂ። ለአንቺው ክብር ነው።»

ዝም አለች። የሕሊና ዝምታ ከእናቷ ጩኸት ይከብዳል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ልቤ ያለው ቅንድቤ ላይ ነበር። እንዴት አድርጌ ላኮሳትረው?

ወደ መስታወቱ ልመልሳችሁ። ባለሙያው ይርጋ ይባላል፤ ጌጃ ሰፈር የአልሙኒየምና የመስታወት ቤት አለው። ናሙናዎቹን ግድግዳ ሙሉ ደርድሯቸዋል። ሞገድ የመሰለ አለ፣ ቀርከሃ አለ፣ ጽጌረዳ አለ፣ የሚጋልብ ፈረስ አለ፣ አፉን የከፈተ ነብርም አለ። «ነብሩን እንውሰድ፤ ሽማግሌ ያስፈራል» አልኩ። የሰማኝ የለም። የአስካለ ዓይን ያረፈው ጭራቸውን ዘርግተው ፊት ለፊት በተፋጠጡ ሁለት ጣዎሶች ላይ ነው። ይርጋ አሠራሩን አስረዳን። መስታወቱ ላይ አሸዋ በአየር ግፊት ይረጭበታል፤ አሸዋው የመታው ሁሉ ጭጋግ ይለብሳል፤ ጣዎሶቹ ደግሞ ጠለቅ ተደርገው ይቀረጻሉ። አሸዋ ቤት ሲሠራ እንጂ መስታወት ሲያደበዝዝ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«አያሳይም ግን?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ጭጋግ ነው ይበሉት። ከኋላው የቆመ ሰው መልኩ አይለይም።»

«አየህ?» አለችኝ አስካለ።

«ምኑን አያለሁ? አያሳይም እያለን!»

መልኩ አይለይም ነው ያለው። ሌላ ያለው ነገር የለም። እኛም ሌላ አልጠየቅነውም።

መስታወቱ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሽማግሌው እሑድ፣ መስታወቱ ቅዳሜ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማንም መሰለኝ። አራት ጎረምሶች ተሸክመውት ደረጃውን ሲጀምሩ የሕንጻው ነዋሪ በሙሉ ወጥቶ አዛዥ ሆነ። አንዱ «ወደ ግራ!» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ወደ ቀኝ!» ይላል። የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን ደግሞ እጇን ራሷ ላይ ጭና «ጭራው! ጭራው ተነካ!» እያለች ትጮኻለች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲታጠፉ መስታወቱ የደረጃውን ብረት ገጭ ሲያደርግ፣ እኔ ለልደታ ማርያም ስለት የተሳልኩትን አሁን መናገር ያሳፍረኛል። ብቻ ሳይሰበር አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ደረጃው ሙሉ እልል አለ። ያንን እልልታ እኔ ለሠርጉ ነበር ያስቀመጥኩት።

ተገጥሞ ሲያልቅ መሽቷል፤ መብራትም ጠፋ። በሻማ አቧራውን ጠራርገን ተኛን።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ፈተናው ተጀመረ። የሳሎናችን መስኮት በፀሐይ መውጫ በኩል ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሳሎኑ ቦግ ይላል፣ መኝታ ቤቱ ይጨልማል። እኔ የእንግዳው ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ፤ አስካለ ከመስታወቱ ኋላ ገባች።

«ስንት ጣት ነው ያወጣሁት?»

«ጣት? አንቺም የለሽ!»

«አሁንስ ምን እያደረግኩ ነው?»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምላሴን እያወጣሁብህ።»

«እንደልብሽ አውጪ፤ አይታይም!»

ደስ አለን። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል እንዲሉ፣ ሁለታችንም የአንድ ባሕር ሞኞች ነን። መስታወቱ ጠዋት እንደማያሳይ አረጋገጥን። ከሰዓትስ ብሎ የጠየቀ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም። ፀሐይ ትዞራለች ብሎ ማን ያስባል! «የምትዞረው መሬት ናት» የምትሉ የተማራችሁ አንባቢዎች ተዉኝ፤ ያን ቀን ያልዞረብኝ ነገር የለም።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። የአስካለ ታላቅ ወንድም አብሮኝ ሊቀመጥ ቀጠሮ ነበረን፤ ነገር ግን መንገድ ተዘግቶበት «ሰንጋ ተራ ደርሻለሁ» እንዳለ ቀረ። ሰንጋ ተራ ከእኛ ቤት ታክሲ የማያስፈልገው መንገድ ነው። ያ ሰውዬ ግን ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ሰንጋ ተራ እንደደረሰ ነው። ስለዚህ ብቻዬን ተቀበልኳቸው።

ሦስት ሆነው ገቡ። ከፊት ጋሽ ደምሴ፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ከጥቁር ኮታቸው በላይ ነጭ ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ። ከኋላቸው የናሆም ቤተሰብ የድሮ ጎረቤት የሆኑት ጋሽ ሸምሱ፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ፊታቸው ለሳቅ የተፈጠረ ሰው። ሦስተኛው የናሆም አጎት ናቸው። «ጤና ይስጥልኝ» ብለውኛል፤ ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን አልሰማሁትም።

«ኧረ ተቀመጡ!» አልኩ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ አራት ፎቅ ወጥተው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«የመጣችሁበት ይደርሳል፤ በእግዜር ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። የት? ጠዋት እኔ በተቀመጥኩበት ሶፋ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ጣዎሶቹ አድርገው! እኔ ደግሞ ከፊት ለፊታቸው፣ ጀርባዬን ለመስታወቱ ሰጥቼ። ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቶ መኮንን፣ መልካም ዛፍ ያለበት ደጅ ጥላ ፈላጊ አያጣም። እኛም ከዚህ ጥላ ለመጠጋት መጥተናል። ልጅዎን ሕሊናን ለልጃችን ለናሆም ለትዳር እንዲሰጡን ነው ልመናችን።»

ፊቴን አኮሳተርኩ። ለዚህ ፊት ሳምንቱን ሙሉ ተለማምጄለታለሁ።

«ሕሊናን?» አልኩ፣ ሌላ አምስት ሴት ልጆች ያሉኝ ይመስል። «ኧረ ድንገተኛ ነገር ነው! ልጄ እኮ ገና ልጅ ናት።»

ሠላሳን ከተሻገረች ቆየች። ጋሽ ሸምሱን ሳል ያዛቸው።

«ደግሞም እናቷን ሳላማክር መልስ አልሰጥም። ይፍቀዱልኝና ገብቼ ልነጋገር።»

መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የከሰዓቷ ፀሐይ በመኝታ ቤቱ መስኮት ገብታ ክፍሉን ወርቅ አድርጋዋለች። እኔ ደግሞ… እንግዲህ አትሳቁብኝ… አባት ነኝ! አንዲት ልጅ ወልጄ፣ አስተምሬ፣ ለወግ ለማዕረግ በቅታ፣ ጨዋ ሰው ጨዋ ሽማግሌ ልኮባት ሳይ ትከሻዬ እምቢ አለኝ። ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ድምፅ፣ እስክስታውን ወረድኩት! አስካለ አፏን በእጇ አፍና ድምፅ የሌለው እልልታ ታስነካዋለች። አቀፍኳት። ግንባሯን ሳምኳት። ዞር ብዬ ደገምኩት፤ በሁለተኛው ወገቤን ይዤ፣ አንገቴንም ጨምሬ።

«አባዬ» አለች ሕሊና ከአልጋው ጫፍ ላይ በሹክሹክታ፤ «በቃ እሺ በላቸው።»

«ቆይ! ገና መቼ ለመኑና!»

«ይቀየማሉ እያልኩህ ነው።»

«ፊታቸውን አይቼዋለሁ፤ ፈርተዋል። አስኩ፣ እስቲ ቅንድቤን እይልኝ።»

«ትንሽ ሰብሰብ አድርገው» አለች አስካለ እንደ አሠልጣኝ። «ጣትህንም አንሣ። ደረትህን… እንደሱ!»

ጣቴን አንሥቼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ለሌለ ሰው ተቆጣሁ። አንዴ ደግሜ ዘልዬ ወጣሁ።

«ነገሩ ከባድ ነው» አልኩ ተቀምጬ። «እናቷ እያለቀሰች ነው። ላባብላት ብል አልቻልኩም።»

ጋሽ ሸምሱ መሐረባቸውን አውጥተው አፋቸው ላይ ደፈኑት። አጎትየው ኮርኒሱን ያያሉ። የጋሽ ደምሴ ፊት ብቻ ንቅንቅ አላለም። «አንጀታቸውን በላሁት» አልኩ በልቤ።

«እናት ናቸው፤ አይፈረድባቸውም» አሉ ጋሽ ደምሴ በቀስታ። «እስቲ ደግመው ይግቡና ያጽናኗቸው። እኛ እንጠብቃለን።»

እንዲህ ያለ አስተዋይ ሽማግሌ! ገባሁ። አስካለ ለእንግዶቹ ከሠራችው ዶሮ በሳህን ይዛ ትጠብቀኛለች። «ጨው በዛበት እንዴ? እስቲ ቅመስልኝ» ብላ አጎረሰችኝ። አልበዛበትም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደገመችኝ። እኔም አጎረስኳት። መቼም ጉርሻ ከተጀመረ ወዲያ ትከሻ ዝም አይልም፤ አፋችን ሙሉ ሆኖ ሁለታችንም ትንሽ ትንሽ ነቀነቅን። ሕሊና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከንፈሬን ጠርጌ ወጣሁ።

«እህል ከቀመሰች ሁለት ቀኗ ነው» አልኳቸው።

ጋሽ ሸምሱ ብድግ ብለው ወደ መስኮቱ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጡን። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሩኅሩኅ ሰው ናቸው አልኩ። ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ!

«ስለዚህ» አልኩ ጣቴን አንሥቼ፣ «ዘመድ ሳላማክር አይሆንም። የአጎቷ ቃል አለ፣ የአክስቷ ቃል አለ። እስቲ ከወር በኋላ ብቅ በሉ። ያኔም ቢሆን ተስፋ አልሰጥም።»

አቤት ሲጣፍጥ! ዕድሜ ልኬን አፌ ውስጥ ያቆየሁት ቃል ነው።

ጋሽ ደምሴ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ሁለቱም ተከትለው ተነሡ።

«ገብቶናል፣ አቶ መኮንን። እናት እያለቀሱ፣ እህል ሳይቀምሱ ልጃቸውን መውሰድ ግፍ ነው። እኛ ሰው አስለቅሰን አናውቅም። ለናሆም እንነግረዋለን፤ ሌላ ይፈለግለታል።»

«ሌላ?!»

«ምን ይደረግ። ደህና ይዋሉ።»

ከመስታወቱ ኋላ አንድ ነገር ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ። ሳህኑ መሰለኝ። ቅንድቤ ራሱን ችሎ ተፈታ።

«ኧረ ጋሽ ደምሴ! ኧረ ቆይ እንጂ! እኔ እኮ አይሆንም አላልኩም…»

«ተስፋ አልሰጥም ብለዋል።»

«እሱማ ለወጉ ያህል…»

ከዘራው ወለሉን እየነካ ወደ በሩ ሄደ። ሮጬ ቀደምኳቸው። በሩን በጀርባዬ ዘጋሁት። አያችሁልኝ? እሳቸው ለምነው እኔ እምቢ ልል ነበር እኮ የተቀመጥነው! አሁን እኔ «በእግዜር፣ በልጆችዎ፣ ተቀመጡ» እያልኩ እለምናለሁ፤ እሳቸው «አይ፣ መሽቶብናል» ይላሉ። ፀሐይቱ ገና ወገብ ላይ ናት!

ጋሽ ደምሴ በከዘራቸው ወደ ሶፋው ጠቆሙኝ።

«እርስዎ ይቀመጡ» አሉኝ።

«እኔ?»

«አዎ፣ እዚያ፣ እኔ የነበርኩበት ላይ። ተቀምጠው ፊት ለፊትዎን ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ የሚሉትን እንሰማለን።»

አስተማሪ እንዳዘዘው ተማሪ እየተደነባበርኩ ሄጄ ተቀመጥኩ። ቀና አልኩ። መስታወቱ በርቷል። ሙሉ በሙሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ከኋላ የገባችው ፀሐይ ጭጋጉን ሁሉ ወርቅ አድርጋው፣ በሁለቱ ጣዎሶች መካከል የአልጋችን ጥላ፣ የቁም ሣጥናችን ጥላ፣ የአስካለ ጥላ እስከ ሻሿ ቋጠሮ ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መልክ አይለይም፤ እውነት ነው። መልክ ለምን ያስፈልጋል! ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። እስክስታው… ቅንድቡ… ጣቱ… ጉርሻው! እህል ከቀመሰች ሁለት ቀኗ!

ግን እፍረቱ ብዙ አልቆየም፤ ምክንያቱም ሕሊናን አየኋት። አልጋው አጠገብ ተንበርክካለች። ሁለት እጆቿን አገጯ ሥር አጣምራለች፣ ራሷ ወደ በሩ ዘንበል ብሏል። እያዳመጠች ነው። ወጡ ወይስ አልወጡም? እናቷ ራሷን ስትዳብሳት እንኳን ንቅንቅ አትልም። እኔ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ስትለምን አይቻት አላውቅም። የምትፈልገውን አንዴ ብላ ዝም የምትል ልጅ ናት። ለእኔም ነግራኝ ነበር እኮ! አንዴ ነግራኝ ዝም ብላለች። እኔ ደግሞ የአማቴን ብድር በልጄ ዕድሜ ልመልስ ቅንድቤን አስተካክላለሁ። እንባዬ መጣ፤ ልደብቀውም አልሞከርኩ።

«ሰጥቻችኋለሁ» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «ዛሬውኑ። ዘመድም አላማክርም፣ ቀጠሮም የለኝም። ልጄ ወዳዋለች፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ሰጥቻችኋለሁ።»

ከመስታወቱ ኋላ ያቺ ጥላ ብድግ አለች። ቀጥሎ የአስካለ እልልታ፣ ይሄኛው ድምፅ ያለው፣ ኮንዶሚኒየሙን አናጋው፤ ከሦስተኛ ፎቅም መልስ መጣ። ጋሽ ደምሴ ከዘራቸውን ለአጎትየው ሰጥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉና መረቁ። ምርቃቱ ሲያልቅ ጋሽ ሸምሱ የታመቀ ሳቃቸው ፈነዳ፤ ሶፋው ላይ ወድቀው ሆዳቸውን ያዙ።

«ወላሂ አቶ መኮንን» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ትከሻ ግን አለዎት!»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የእኔን ያወጣው አሸዋ የተረጨበት መስታወት ነው። አንገቴን ደፋሁ።

«አይሸማቀቁ» አሉኝ ጋሽ ደምሴ አጠገቤ ተቀምጠው። «ከዚህ በር ስንወጣ ያየነው ነገር የለም። ሽማግሌ ያየውን ሁሉ ካወራ አገር አይቆምም።»

«ግን ጋሽ ደምሴ… እውነት ሊሄዱብኝ ነበር?»

«እርስዎስ እውነት ሊመልሱን ነበር?»

ዶሮው ቀረበ፤ ጨው አልበዛበትም። ሕሊና ወጥታ የሦስቱንም ጉልበት ሳመች፤ ወደ እኔ ስትደርስ ጉልበቴን ትታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አበዛኸው» አለችኝ በጆሮዬ። ስትስቅ ይሰማኛል፣ ታለቅሳለችም። በልተን ስንጨርስ የአስካለ ወንድም ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። «መለስካቸው?» አለኝ በሩ ላይ ቆሞ። አጥንት ያለበት ሳህን ሰጠሁት።

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ኮስተር ብለው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ደረጃውን ቀስ እያሉ ወረዱ። እኔ ከላይ ልሸኛቸው ወደ ሳሎኑ መስኮት ሄድኩ። ሦስቱም ከሕንጻው ወጥተው መኪና ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጋሽ ደምሴ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ወደ ላይ አላዩም። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው አንገታቸው ላይ ጣሉና… እናንተ ሆይ! ያ ኩሩ ሰው፣ ያ ፊቱ ንቅንቅ የማይል ሰው፣ በሁለት ሚኒባስ መካከል ትከሻውን ለቀቀው! ጋሽ ሸምሱ ያጨበጭባሉ። ድምፅ የሌላቸው አጎትየው ከዘራውን ወደ ላይ አንሥተው ይዞራሉ።

«አስኩ! አስኩ ነይ እይ!» ብዬ ጮኽኩ።

መጣች። አየች። አፏን በእጇ ይዛ እስኪበቃት ሳቀች። ከዚያ በክንዷ ገፋ አድርጋኝ መጋረጃውን ዘጋችው።

«ምነው? ልይ እንጂ!»

«ተዋቸው» አለችኝ። «ያላየናቸው ይምሰላቸው። ከዛሬ ጀምሮ ዘመድ ናቸው።»